ከመርከቡ በኋላ ያሉት ቀናት

የምሠራው መገናኛ፣ አንድ ሕንፃ ላይ ባለች ጠባብ የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ ነው። ትኬት እንቆርጣለን፣ ቪዛ እናስጨርሳለን፣ ሙሽሮችን ወደ ዱባይ እንልካለን። እኔ ግን ሰው ስሸኝ ነው የኖርኩት። ከአገር ወጥቼ አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን አለቃዬ ጠራኝና፣ አንድ የመርከብ ድርጅት ለጉዞ ወኪሎች የሁለት ሰው ክፍል በነፃ እንደሰጠ ነገረኝ። ከሲንጋፖር ተነስቶ፣ ማሌዥያን ነካክቶ፣ ታይላንድ ላይ ተሳፋሪውን የሚያራግፍ የመዝናኛ መርከብ ነው። «አንቺ ሂጂበት። ራስሽ አይተሽው ስትመጪ ለደንበኛ ማስረዳቱም ይቀልሻል» አለኝ። ምን ላድርግ፣ እዚያው ቢሮ ውስጥ እልል አልኩ። ከጎናችን ያለው የጥርስ ሐኪም ሠርግ መስሎት ብቅ አለ።

ባሌ ግን ፈቃድ ተከለከለ። ሁለት ቀን አኩርፎ ሰነበተና በሦስተኛው «እማዬን ይዘሻት ለምን አትሄጂም?» አለኝ። እማዬ የሚለው እናቱን ነው። እኔም እማዬ እላቸዋለሁ፣ በ«እርስዎ»። ከአማት ጋር ባሕር ማቋረጥ! እናቴ ደሴ ሆና በስልክ ስትሰማ «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» አለችና ሳቋን ለቀቀችው።

አማቴ የሚኖሩት ከፈረንሳይ ሰፈር ወደ ላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ የሚጀምርበት አፋፍ ላይ ነው። እዚያው ተወለዱ፣ እዚያው ተዳሩ፣ ባላቸውንም እዚያው ቀበሩ። ድሮ ገብስ የሚዘሩበት መሬት ዛሬ የሌላ ሰው ግቢ ሆኗል። ኦሮምኛና አማርኛቸው እኩል ነው። ሲያሾፉ በአማርኛ፣ ሲቆጡ በኦሮምኛ ናቸው። እኔን ሲቆጡ ብቻ አማርኛ ይጠቀማሉ፣ አንድ ቃል እንዳያመልጠኝ ብለው።

እንግዲህ በእኛ ሥራ መርከቡ ራሱ ቀላሉ ነገር ነው። አንዴ ከተሳፈሩ ያበላል፣ ያስተኛል፣ ይወስዳል። ራስ የሚያዞረው ከመርከቡ በፊትና ከመርከቡ በኋላ በየብስ የሚደረገው ጉብኝት ነው። መርከብ እንደ ታክሲ «ወራጅ አለ» ቢሉት አይቆምም፣ «ቆይ መጣሁ» ቢሉትም አይጠብቅም። አውሮፕላኑ ከዘገየ ወደቡ ላይ አፍ ከፍቶ መቅረት ነው። ስለዚህ ቀደም ብሎ ደርሶ፣ ከአስጎብኚ ጋር ከተማውን እያዩ መጠበቅ ያስፈልጋል። ሲወርዱም እንዲሁ፣ ያን ያህል መንገድ ተኪዶ አገሩን ሳያዩ መመለስ ወጥ ሳይቀምሱ ከሠርግ እንደመውጣት ነው። ለደንበኞቼ ሁልጊዜ የምላቸው አለኝ፦ የፊተኛው ጉብኝት ለዋስትና፣ የኋለኛው ለጣዕም።

ለእኛም አንድ ቆንጆ ዕቅድ አወጣሁ። ከመርከቡ በፊት ሲንጋፖርን፣ ከመርከቡ በኋላ ባንኮክን፣ ከባንኮክ ወጣ ብሎ ያለውን የውሃ ላይ ገበያ፣ ከዚያም በሰሜን በኩል ያለ የተራራ ከተማ። ፎቶዎቹን በትልቁ አትሜ ቅዳሜ ከሰዓት ዳገቱን ወጣሁ።

አማቴ መጀመሪያ ደስ አላቸው። «እሰይ የኔ ልጅ!» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። ከዚያ ጥያቄው ጀመረ።

«አስጎብኚው ጾም ያውቃል? የሐሙሱን ዓርብ ቢያቀርብብኝስ?»

«አትክልት ሞልቷል እማዬ። እነግረዋለሁ።»

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«የእባብ ማሳያ ነው። ሰዎች አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ፎቶ ይነሳሉ።»

«በስመአብ! እባብ ለማየት ነው ባሕር የምሻገረው? እባቡን እዚሁ ጓሮ አሳይሻለሁ።»

እባቡን ሰረዝኩት። በገመድ የሚንጠለጠለውን መኪናም ሰረዝኩት። እንጦጦ ፓርክ ላይ በገመድ የሚንሸራተቱትን ወጣቶች ባዩ ቁጥር ለእናቶቻቸው የሚጸልዩ ሴት ናቸው። ይሄ ሁሉ አላስከፋኝም፣ እንዲያውም ያስቀኝ ነበር። ያቃጠለኝ ሌላ ነው። በየሳምንቱ ስወጣ ከመርከቡ በኋላ ካሉት ቀናት አንድ አንድ ይቀንሳሉ። አንዴ ጉልበታቸው ነው፣ አንዴ ዶሮዎቻቸው ናቸው፣ አንዴ ምክንያትም የለው። የተራራው ከተማ ሄደ። ገበያው ሄደ። በመጨረሻ «ከመርከብ እንደወረድን በቀጥታ አውሮፕላን አይያዝም?» አሉኝ። ደሜ ፈላ። ሲግናል ሰፈር ያለው ቤቴ ገብቼ ቦርሳዬን ሶፋው ላይ ወረወርኩና ባሌ ላይ ጮህኩ።

«እናትህ በሩጫ ወርደው ቦሌ መግባት ነው የሚፈልጉት! ጉዞው ቢቀርባቸውስ?»

እሱ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው። «ለጓደኛዋ ፈርታ ነው» አለኝ።

ጓደኛቸው አጥር ለአጥር የሚጎራበቷቸው ሴት ናቸው። ከልጅነት ጀምሮ አብረው ነበሩ፤ ወተት ተሸክመው ሾላ ገበያ ይወርዱ ነበር፣ ባዶ ቅል ይዘው ዳገቱን ይመለሱ ነበር። አሁን ሴትየዋ አልጋ ላይ ናቸው። ሐኪም ቤትም «ቤታቸው ይሁኑ» ብሎ መልሷቸዋል። አማቴ ደግሞ በዚያ ሰፈር የታወቁ ሙሾ አውራጅ ናቸው። እሳቸው ሳይመጡ ለቅሶው አይሞቅም። ለባዕድ እንኳ ድንኳን ሙሉ ሰው የሚያስለቅሱ ሴት፣ የልጅነት ጓደኛቸው ሲሞቱ ባሕር ላይ መሆናቸውን ሲያስቡት እንቅልፍ አጥተዋል ለካ። ሁለቱ ተማምለው ነበር፤ የቀረችው ለሄደችው ታለቅሳለች። ለቅሶ ብድር ነው፣ ይሄ ግን ከብድርም ያለፈ ነው። ዶሮ ምናምን ሲሉ በሆዴ የተሳደብኩት ሁሉ ትዝ አለኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስወጣ አማቴ ቤታቸው አልነበሩም፤ ጎረቤት ናቸው ተባልኩ። እዚያው ገባሁ። በሽተኛዋ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። አካላቸው አልቋል፣ ዓይናቸው ግን አላለቀም።

«ነይ እስቲ አንቺ መርከበኛ» አሉኝ። «ሥዕሎቹን አምጪ። ይቺ ከእኔ ደብቃ ብቻዋን ነው የምታያቸው።»

አልጋው ላይ ዘረጋሁላቸው። አንዱን አንስተው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ይሄ ገበያ ነው?»

«አዎ። ሻጮቹ ጀልባ ላይ ሆነው ነው የሚሸጡት። ገዢውም በጀልባ ይመጣል።»

«ውሃ ላይ! ወይ ጉድ! እኛ ጭቃው ላይ እየተንሸራተትን...» ወደ አማቴ ዞሩ። «ይሄን ሳታይልኝ እንዳትመጪ።»

«እሱ ቀርቷል» አሉ አማቴ መሬት መሬቱን እያዩ። «ቀኑ ይበዛል።»

ሴትየዋ ሥዕሉን አልጋው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ «አንቺ ሴትዮ፣ የእኔን ሞት እንደ ታክሲ ተሰልፈሽ ልትጠብቂው ነው?» አሉ።

እኔ የምገባበት ጠፋኝ። አማቴ ግን ግንፍል አሉ። «ብትሞቺብኝስ? ማን ያለቅስልሻል? እነዚያ እድርተኞች? አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ስለ ሰው ትዳር የሚያወሩት?»

«እንግዲያው አሁን አልቅሺልኝ።»

«ምን አልሽ?»

«አሁን አልቅሺልኝ፣ ጆሮዬ እየሰማ። ዕድሜ ልክሽን ለሰው ሁሉ ስታለቅሺ ኖረሽ፣ ለእኔ የምትይውን ብቻ ሳልሰማ ልሂድ? ምን ያለ ግፍ ነው!»

«በቁም ሰው ላይ ሙሾ! ሟርት ነው እኮ!»

«ሟርቱስ ደርሶብኛል። ይልቅ ጀምሪ፣ ሳይደክመኝ።»

አማቴ እኔን አዩኝ፣ በሩን አዩት፣ ጣሪያውን አዩት። ከዚያ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና በኦሮምኛ ጀመሩ። ድምፃቸው መጀመሪያ እንደማፈር ብሎ ነበር። በሽተኛዋ እጃቸውን አነሱ። «ምራትሽም ትስማ እንጂ፣ በአማርኛ አድርጊው።»

አማቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፦

«ዳገቱን ስንወጣ ከሾላ ገበያ፣
አንቺ ነበርሽ እኮ የትንፋሽ ማረፊያ።»

«ይሄ ጥሩ ነው» አሉ ሟች። ሟች ስል ምን ልበል ሌላ፣ በዚያች ሰዓት ቦታቸው እሱ ነበር። አማቴ ቀጠሉና ወደ ጓደኛቸው ባል ደግነት ሲሻገሩ ግን ሴትየዋ ከትራሳቸው ቀና አሉ።

«እሱን ተይው! መቼ ደግ ነበር? ለእኔ ለቅሶ ነው እሱን የምታሞግሺው?»

ሦስታችንም ሳቅን። እኔማ ግድግዳ ይዤ ነው የሳቅሁት። ከዚያ አማቴ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ፣ አሁን ግን ጨዋታው አልቆ ነበር። ድምፃቸው ከሆዳቸው ወጣ። እኔ ብዙ ለቅሶ ሄጃለሁ፣ እንደዚያ ያለ ግን ሰምቼ አላውቅም። አልቻልኩም፣ ውጭ ወጥቼ አጥሩ ሥር ቆምኩ። ድምፃቸው በመስኮቱ ሲመጣ፣ ከፍ ሲል፣ ዝቅ ሲል፣ ሲሰበር ሰማሁት። ከዚያ ፀጥ አለ። ፀጥታው ረዘም ሲል ፈራሁ። ልገባ ስል ሁለቱ በኦሮምኛ ሲንሾካሾኩ፣ ከዚያም ሲስቁ ሰማሁ።

አማቴ ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ሳያዩኝ አለፉና በሩ ላይ ሲደርሱ «ያቺን ገበያ መልሻት» አሉኝ። «የተራራውንም ጨምሪው። የኋለኛውን አስረዝሚው።»

ሄድን። ሲንጋፖር ላይ አስጎብኚያችን ትንሽ ባንዲራ ከፍ አድርጎ ከፊት ይሄድ ነበር። አማቴ እንዳይጠፉ ብለው የሸሚዙን እጅጌ ይዘው ተከተሉት፣ እሱም እንደ ልጃቸው ዝም አለ። ምሳ ላይ ካላጎረስኩ ብለው ግብግብ ገጠሙት። ያ ምስኪን አፉን ከፍቶ ሲቀበላቸው ቡድኑ በሙሉ አጨበጨበ። መርከቡ ላይ በኮሪደር የሚያልፈውን ሁሉ እጅ እየነሱ ጤና ይጠይቁ ነበር፣ ስለዚህ ለምሳ የምንደርሰው ሁልጊዜ ዘግይተን ነው። ማታ ማታ ክፍላችን ውስጥ ፀጉሬን ይሠሩኛል። እናቴ ከሠራችኝ ስንት ዘመን! እዚያ ባሕር ላይ ወደድኳቸው፣ ሳልሸፋፍን ልናገረው። ከዚያ በፊት የባሌ እናት ስለሆኑ ነበር የማከብራቸው።

መርከቡ ታይላንድ አራገፈን። ወደ ገበያው የምንሄድበት ዕለት ጠዋት፣ አማቴ ሻይ እየጠጡ ሳሉ ባሌ ደወለልኝ። እንግዳ መቀበያው ጋ ሄጄ አነሳሁት። ሴትየዋ አርፈዋል፣ ተቀብረዋልም። «እንዳትነግሪያት» አለኝ። «ስትመጡ ሽማግሌዎች ያረዷታል።» ይሄንን እኔም አላጣሁትም። መርዶ በመንገድ ላይ ላለ ሰው አይነገርም። በሰው አገር፣ ያለ ዘመድ፣ ያለ ጎረቤት ሰው ልቡ ሲሰበር ማን ይይዘዋል? ዝም አይነቅዝም ብዬ ጥቁር መነፅሬን አደረግሁና መኪና ውስጥ ገባሁ።

ያን ቀን አልረሳውም። አማቴ ጀልባዋ ላይ እንደ ልጅ ሆኑ። ማንጎው፣ ዓሣው፣ አበባው ሁሉ ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ እያዩ በደስታ ጭኔን ይመቱኛል። አንዷ ሻጭ ጀልባዋን አስጠግታ የሰሌን ባርኔጣ ስታሳያቸው ለጓደኛቸው ካልገዛሁ አሉ። «ይሄ ይጠባታል፣ ጭንቅላቷ ትልቅ ነው። ተለቅ ያለ አምጪ በያት» ይሉኛል። እኔም አስተረጎምኩ። ተለቅ ያለ ባርኔጣ ለሞተች ሴት ተከራክሬ ገዛሁ። እንባዬ በመነፅሩ ሥር ሲወርድ «ምነው ልጄ?» አሉኝ። ላብ ነው አልኳቸው። በመዳፋቸው ጠረጉልኝ።

አዲስ አበባ የገባን ማግስት፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌዎቹ ከሁለት የእድር ሴቶች ጋር ወደ አማቴ ግቢ ገቡ። እኔና ባሌ እዚያው አድረን ነበር። አማቴ በሩን ከፍተው አዩዋቸው። የመጡት ሁሉ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ነበር፣ ምንም መናገር አላስፈለጋቸውም። አማቴ ደጃፉ ላይ መሬት ቁጭ አሉ። አለቀሱ፣ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ያለ ሙሾ። ሰው ሁሉ የጠበቀው ሌላ ነበር መሰለኝ፣ እርስ በርስ ተያዩ።

አንደኛዋ የእድር ሴት አጠገባቸው ተንበርክካ አቀፈቻቸው። «አይዞሽ፣ ምን ይደረጋል» አለች። «ሳታለቅሺላት ሄደችብሽ።»

አማቴ ቀና ብለው አዩዋት።

«ኧረ አልቅሼላታለሁ» አሉ። «እንባዬን የጠረገችልኝም እሷው ናት።»