የእሑዱ ስልክ

በዛብሽ የባሏን ስልክ ዓሣ ቤታቸው ግቢ ባለው የዓሣ ማጠቢያ በርሜል ውስጥ የከተተችው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። አምልጧት እንዳይመስላችሁ። ግራ ቀኟን አየች፤ አስተናጋጇ ትሕትና ወደ ጓሮ መውጣቷን አረጋገጠች፤ ከዚያ ስልኩን ቀስ አድርጋ ውኃው ውስጥ ለቀቀችና እጇን እስከ ክርኗ ሰድዳ መብራቱ ድርግም እስኪል ታች ይዛው ቆየች። በስመ አብ! ያያት ሰው ቢኖር አብዳለች ነበር የሚለው።

አላበደችም። ከአንድ ሰዓት በፊት ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ፣ እንድሪያስ የሚባል ሰው ደውሎላት ነበር። "እህቴ፣ አጠገብሽ ሰው አለ?" ብሎ ነው የጀመረው፤ እንዲህ ብሎ የሚጀምር ስልክ መቼም ደግ አያወራ። የባሏ የተገኝ ታናሽ ወንድም ጌትነት ማታ ደህና ገብቶ ተኝቶ ጠዋት አልነቃም። ልቡ ነው አሉ። ገና በአርባ ሦስት ዓመቱ። "ለተገኝ በስልክ እንዳይነገረው፣ አደራ" አላት እንድሪያስ እያለቀሰ። "ሰው ሰብስባችሁ፣ በወጉ።"

ወጉን በዛብሽ አላጣችውም። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጎህ ሲቀድ በር ያንኳኳሉ፤ ሰውየው ከመኝታው ተነስቶ፣ ግራና ቀኝ ተይዞ ነው የሚሰማው። እስከዚያች ጠዋት ድረስ ፊት ሳይለውጡ፣ እንባ ሳያሳዩ ደብቆ መያዝ የቤት ሰው ፋንታ ነው። የዘመኑ ስልክ ግን ወግ የት ያውቃል? አንዱ እዚያ ተቀምጦ የጌትነትን ፎቶ ከነሻማው ይለጥፈዋል፤ ተገኝ ደግሞ ዓሣ እየጠበሰ ባንድ እጁ ይከፍተዋል። ስለዚህ አሰጠመችው።

ከዚያ ለጋሽ ይልማ ደወለች። ጋሽ ይልማ የጁባ ሐበሾች እድር ሰብሳቢ ናቸው፤ ዓሣ ቤቱ ባለበት በአማራት ሰፈር ሆቴል አላቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ነፍሱን ይማረው አሉ።

"ነገ አይሆንም" አሏት። "ዓርብ ዓርብ ጎህ ሳይቀድ ዓሣ ሊቀበል ወንዙ ዳር፣ ረጃፍ ይወርዳል። ቅዳሜ ማለዳ ሰዎቹን ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ቻይው የኔ ልጅ፤ ሁለት ሌሊት ናት።"

ሁለት ሌሊት ናት! ለተናጋሪው ምን አለበት።

ተገኝ የአርባ ምንጭ ልጅ ነው፤ ጫሞ ሐይቅ ላይ ከወንድሙ ጋር መረብ እየጣለ ያደገ። ከበዛብሽ ጋር ጁባ የከፈቷት ዓሣ ቤት በጾም ሰሞን ሰው አይችላትም። ያን ጊዜም የሐዋርያት ጾም ነበርና ጾመኛው ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለቄሶቹ ትቶ ወንበር ይሻማ ነበር። ጌትነት ግን ዲቪ ደርሶት ከሄደ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ወንድማማቾቹ አንድ ቀን እንኳ በዓይነ ሥጋ አልተያዩም።

ካለፈው ገና ጀምሮ ታዲያ ሁለቱንም አንድ ነገር ይዟቸዋል። በመስከረም ተገኝ አሜሪካ ይሄዳል። ቪዛው ተመትቷል፤ ትኬቱ ተቆርጧል። ከሰሜን፣ ከሜይን ተነስተው፣ የምሥራቁን ባሕር ዳርቻ ይዘው እስከ ኖርዝ ካሮላይና በመኪና እየወረዱ ዓሣ ያጠምዳሉ። "ብርዱ ሲመጣ ስትራይፐር የሚሉት ዓሣ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ እኛም እግር በእግር ተከትለነው እንወርዳለን" ይላል ጌትነት። በየእሑዱ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ይደውልና ይጨቃጨቃሉ። ተገኝ መረቤን ካልያዝኩ ሞቼ እገኛለሁ ይላል።

"መረብ ብትጥል ያስሩሃል" ይላል ጌትነት። "በዘንግ ነው፣ እሱም በፈቃድ። የያዝከውን በሜትር ትለካዋለህ፤ ካነሰ መልሰህ ትለቀዋለህ።"

"ይቅርታ ጠይቄው ነው የምለቀው?" ይላል ተገኝ፤ እና ሁለቱም እየሳቁ መነጋገር ያቅታቸዋል። የሚያድሩበት ከተማ፣ የሚቆሙበት ድልድይ፣ ማዕበሉ የሚሞላበት ሰዓት፣ ሁሉንም ጌትነት ጽፎለት የተገኝ ስልክ ውስጥ ነበር።

ሐሙስ ማታ በዛብሽ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ ሳጥብ ሾለከብኝ አለች። ተገኝ ውኃ የሚያንጠባጥበውን ስልክ ይዞ ቀረ።

"ዕቅዱ በሙሉ እዚህ ውስጥ ነው እኮ፣ በዙ!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ ዓይኗ እንባ ማቅረሩን ሲያይ ደነገጠና ትከሻዋን ያዝ አደረጋት። "ተይ በቃ። ስልክ ነው፤ ሰው አልሞተ!"

በዛብሽ ሽንኩርት ልታመጣ የምትሄድ መስላ መጋዘን ገባችና የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጠች።

ዓርብ፣ ሐምሌ አንድ ቀን፣ ሊመሽ ሲል ከተማው ውስጥ በፕሬዚዳንቱና በምክትላቸው ወታደሮች መሐል ተኩስ ተነሳ። መጀመሪያ ሩቅ ነበር፤ ከዚያ ቅርብ ሆነ። ደንበኛው ሳህኑን ጥሎ እግሬ አውጪኝ አለ። የቆርቆሮውን በር በብረት መወርወሪያ ዘግተው ከትሕትና ጋር ሦስቱም መጋዘን ውስጥ፣ ከሁለቱ ትልልቅ ፍሪዘሮች ጀርባ አደሩ። ቅዳሜ በዛብሽ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ በሩ አጠገብ ቆመች። አንኳኪ የለም። ሰማዩ ሲነጣ ስልኳ ተንቀጠቀጠ፤ ጋሽ ይልማ ነበሩ። "መንገዱን ወታደር ሞልቶታል፤ መውጣት አልቻልንም። ትንሽ ቻይው፣ ልጄ" አሏት። ከዚያ ወዲያ የሷም ስልክ ባትሪው ሞተ። ጄኔሬተር ማስነሳት ደግሞ እዚህ አለን ብሎ መጣራት ነው።

እሑድ ባሰበት። መሬቱ ይርገደገዳል፤ ከቆርቆሮው ጣሪያ አቧራ ይራገፋል። ትሕትና ግንባሯን ፍሪዘሩ ላይ ደግፋ "ኢየሱስ፣ ኢየሱስ" ትላለች። ዓሣው ቀልጦ ውኃው እግራቸው ሥር ይፈሳል፤ ሽታው አይጣል ነው። ተገኝ ልጅቷን ሊያረጋጋ ብሎ የካርቶን ክዳን ቀደደና በከሰል የአሜሪካን ባሕር ዳርቻ ሣለላት። ከላይ ከሜይን ጀመረ፤ እየቆረጠ፣ እየገባ፣ እየወጣ ወረደ።

"ይኸውልሽ፣ እዚህ ኬፕ ኮድ ነው፤ ክንዱን እንዳጠፈ ሰው ባሕር ውስጥ የገባው። እዚህ ሦስት ቀን እንቆያለን። ከዚያ እዚህ፣ የጌትነት ቤት። እስክንደርስ ጢሙን አልላጭም ብሏል። በዙ፣ ቼሳፒክ ላይ ስንት ቀን ነበር ያለው?"

"አራት" አለች በዛብሽ።

እንዴት አፏ ታዘዘላት? እሷም ራሷን ታዘበችው። የሞተ ሰው ዕቅድ ላይ ቁጭ ብላ ቀን ትቆጥራለች። ፊቷ ዕንጨት ነው። ዛሬ ወይ ነገ ጋሽ ይልማ ይመጣሉ እያለች ነው የምትችለው። ወንድሙን በወጉ፣ በሰው መሐል ይስማ፤ ሌላ ምኞት አልነበራትም።

አሥር ሰዓት ሲቃረብ ተገኝ ከሰሉን ጣለ።

"ዛሬ እሑድ ነው" አለ።

የጠቆረ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ።

"አሁን ይደውላል። የኔ ዝግ፣ ያንቺ ዝግ። ዜናውን ሰምቷል፤ ጁባ ነደደች ተብሏል። አልቀዋል ብሎ ነው የሚቆርጠው። በዙ፣ ልቡ እኮ ደካማ ነው፣ ኪኒን ላይ ነው ያለው። ድንጋጤ ይገድለዋል።"

ተነሳ። የበዛብሽን ስልክና ገመዱን ኪሱ ከተተ። ከመንገዱ ማዶ የዳርፉሩ ሰው የአልአሚን ሱቅ አለ፤ ጣሪያው ላይ ሶላር ስላለው የሰፈሩን ስልክ የሚሞላው እሱ ነው።

"የት ነው?" አለች።

"አልአሚን ጋ። ሃያ እርምጃ ናት። ሞልቼ፣ አለን ብዬው እመለሳለሁ።"

ተከትላው ግቢው ውስጥ ሮጠች። ጥይቱ በላይ በላይ ያፏጫል። ተገኝ በሩን ገርበብ አድርጎ አየ። በማዶ አልአሚን የሱቁን መስኮት ጣት ታህል ከፍቶ ተገኝን ከሩቁ በእጁ ይገፋዋል። "ማ ተጂ! ማ ተጂ!" አትምጣ ነው የሚለው። መንገዱ መሐል አንድ ሞተር ሳይክል ወድቋል፤ ከጎኑ የተኛ ሰው አለ፤ አይንቀሳቀስም።

"አየኸው?" አለች በዛብሽ ክንዱን አንቃ። "ያንን ሰው አየኸው?"

"እሮጣለሁ።"

"ጌትነት ይገባዋል። ጦርነት እንደሆነ ያውቃል። ኔትዎርክ የለም ይላል።"

"አንቺ ጌትነትን አታውቂውም።"

"ነገ ትደውልለታለህ። በእመቤቴ፣ ነገ!"

"ነገ ምን ያደርግልኛል፣ ዛሬ ቢሞትብኝስ?" እጇን አላቀቀ። እጁ መወርወሪያው ላይ ነበር። "ወንድም ቢኖርሽ ኖሮ አትይዢኝም ነበር።"

ያ ስልክ ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። በገዛ እጇ ነው ያሰጠመችው። በዚያች ቅጽበት በፊቷ ሁለት ነገር ቆመ፤ አንዱ ወጉ ነው፣ አንዱ ባሏ። የሚደግፈው ሽማግሌ የለም። ጎህ አይደለም፣ ጠራራ ነው። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። እንዲህ አድርጎ መርዶ የሚነገረው ለጠላት እንኳ አይደለም። ተገኝ አንድ እግሩን አወጣ።

"ጌትነት አይጨነቅም" አለች።

"እንዴት አይጨነቅም?"

"ከሐሙስ ጀምሮ አይጨነቅም፣ ተገኝ።"

ዞሮ አያት። ዓይኑ ከፊቷ ተነስቶ ጥጉ ላይ ወዳለው ዓሣ ማጠቢያ በርሜል ሄደ፣ እዚያም ቆየ፣ ተመልሶ መጣ።

"ስልኬን..." አለ።

"እኔ ነኝ። ሆን ብዬ ነው። ጋሽ ይልማ ቅዳሜ ሊነግሩህ ነበር።"

እግሩን መለሰ። በሩን ራሱ ዘጋ፣ መወርወሪያውን ራሱ ሰደደ፤ ከዚያ በሩን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። አፉ ተከፈተ። በዚያው ቅጽበት ከአጥሩ ውጭ የብዙ ሰው ሩጫና የወታደር ድምፅ መጣ። በዛብሽ ነጠላዋን ጠቅልላ አፉ ላይ ያዘችለት። ነክሶ ያዘው። አጥሩን አልፎ የሚሰማ ትንፋሽ አልወጣውም።

መጋዘን ሲመለሱ "በወጉ አልነገርኩህም" አለችው። "ይቅር በለኝ።" ተገኝ ካርቶኑን ደረቱ ላይ አድርጎ ጣሪያ ጣሪያ ሲያይ አመሸ፤ ሰኞንም እንደዚያው። ትሕትና ስትጸልይ ድምፅዋን ቀነሰች። በዛብሽ ይጠላኝ ይሆን እያለች ስትብሰለሰል ቆየች። ጥላቻውም ቢሆን በሕይወት ካለ ሰው ነው የሚመጣው ብላ ራሷን ታጽናናለች፣ ከዚያ መልሳ ትጨነቃለች። ሰኞ ማታ ተኩሱ ቆመ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ አምስት፣ ጾሙ የሚፈታበት ቀን፣ ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። በዛብሽ ብድግ አለች። ሰምቷል፣ እኔ ነገርኩት ብላ ልትመልሳቸው ነበር። ተገኝ እጇን ያዛት። ከእሑድ ወዲህ የተናገረው የመጀመሪያ ነገር ይኼ ነበር።

"እንዳትነግሪያቸው" አለ። "ይምጡ።"

ጋቢውን ተከናንቦ፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው ተመልሶ ጋደም አለ። ሰባት ሰዎች ናቸው የገቡት። አንደኛው ከሩቁ ሰፈር፣ ከማንጋቴን ድረስ በየኬላው እየተፈተሸ በእግሩ ነው የመጣው። ጋሽ ይልማ ኮፍያቸውን አውልቀዋል። ቀስቅሰው አስነሱት፤ ሁለቱ ግራና ቀኝ ክንዱን ያዙት።

"ተገኝ፣ ልጄ" አሉ። "እንግዲህ ሰው ነን። የሰጠ ጌታ ሲወስድ ምን ይባላል? ወንድምህ ጌትነት..."

ተገኝ ጋሽ ይልማን አያቸው። አላቋረጣቸውም። አንዲት ቃል ሳያስቀር አስጨረሳቸው። ከዚያ የሁለቱ ሰዎች እጅ መያዙን አረጋግጦ ሙሉ ክብደቱን ጣለባቸውና ጮኸ። ያ ጩኸት አማራትን አቋረጠ፤ በማዶ አልአሚን ሱቁን ክፍት ትቶ በባዶ እግሩ ሃያውን እርምጃ ሮጦ መጣ። በዛብሽም ያን ጊዜ ነው ሐሙስ ያላለቀሰችውን ያለቀሰችው።

"ጌትዬ!" ይላል ተገኝ፣ ካርቶኑን ከጋቢው ሥር አውጥቶ እያርገበገበ። "ጌትዬ፣ ዓሣው ሊወርድ ነው እኮ! ከማን ጋር ነው የምከተለው?"