አንድ ዓመት ዝም ያለችው በዋዥ

ብወዛ የሚለውን ቃል ዛሬ የማይጠቀምበት የለም። አለቆች ወንበር ሲቀያየሩ ብወዛ ይባላል። አሰልጣኝ ተከላካዩን ድንገት አጥቂ ሲያደርገውም ብወዛ ነው። እኛ ቤት ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር እናቴ «በሉ ተበወዙ» ትለንና ከአልጋ አልጋ እንዘዋወራለን። ቃሉ ግን የካርታ ተጫዋቾች ነው። ካርታ የሚበወዘው የትኛው ለማን እንደሚደርስ በዋዡ ራሱ እንዳያውቅ ነው። አክስቴ ሬዲዮ ላይ «የሹማምንት ብወዛ» ሲሉ በሰማች ቁጥር ትቆጣለች። አውቀው ያስቀመጡትን ምን ብወዛ ይሉታል፣ ድልደላ አይሉትም ወይ ትላለች።

አክስቴ ክር ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታለች። እዚያ አንድ ማሽን ላይ ሁለት ሰው ይመደባል፤ አንዷ ክሩን ስታጠነጥን ሌላዋ የተበጠሰውን ትቋጥራለች። ማሽኖቹም እኩል አይደሉም። አንደኛው መስኮት አጠገብ ነው፣ ነፋስ ያገኛል። ሠላሳ አንደኛው የእንፋሎት ቧንቧው ስር ነው፣ እዚያ የዋለች ልብሷ ከገላዋ ይጣበቃል። በድሮው አለቃ ጊዜ መስኮቱ ለዘመድ፣ ቧንቧው ለባዳ ነበር። በዚህ የተነሳ ሰዉ ሁሉ ጠብ ያለሽ በዳቦ ሆኖ ከረመ።

አንድ ቀን ጠዋት ጭቅጭቁ ሲያንገሸግሻት አክስቴ መግቢያና መውጫ ሰዓት የሚመታባቸውን ካርዶች ከግድግዳው ላይ ሰብስባ ምሳ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ አደረገቻቸው። ስልሳ ሁለት ሰው እያያት እንደ ካርታ በወዘቻቸው። ከዚያ ከላይ ሁለት ሁለት እያነሳች ጠራች፤ መጀመሪያ የወጡት አንደኛው ማሽን፣ መጨረሻ የቀሩት ሠላሳ አንደኛው ላይ ተመደቡ። ካርታ ያስተማራት ዘበኛ የነበረው አያቴ ነው፣ እጇ ለጉድ ነው። ያን ቀን ማንም አላጉረመረመም። አዲሱ አለቃም ከራስ ምታት ስለገላገለችው ደስ አለው፣ ልማድ ሆኖም ቀረ። በየዓመቱ አክስቴ ትበውዛለች፣ ሰው ዕጣውን ተቀብሎ ይሄዳል። ስሟም ተረስቶ «በዋዧ» ሆነች።

ብወዛው በተጀመረ በአሥራ አራተኛው ዓመት ዕጣው በዕድሜ ጥቂት ከምትበልጣት ሴት ጋር አገናኛት። ብዙም ሳይቆዩ አክስቴ ነገሩ ገባት። ሴትዮዋ ክሩን አታየውም። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፤ በእጇ እየዳበሰች፣ በለመደችው እየሠራች ኖሯል። የተበጠሰው ሁሉ ያመልጣታል። ለማንም አልተናገረችም፤ ከታወቀ ያሰናብቷታል፣ ለጡረታዋ ደግሞ ገና አንድ ዓመት ከሰባት ወር ይቀራታል። አክስቴ ምንም ሳትጠይቅ የራሷንም የሴትዮዋንም ክር ስትቋጥር ዓመቱ አለቀ። አንድ ቀን እንኳ ስለ ዓይን አላወሩም።

እንግዲህ የብወዛው ቀን ደረሰ። ሴትዮዋ ከሌላ ሰው ጋር ብትወድቅ አንድ ሳምንት አትቆይም። ያለ ጡረታ ቤቷ ትገባለች። አክስቴ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም ብላኛለች።

ካርዶቹን ስትሰበስብ የራሷንና የጓደኛዋን ከታች አደረገች። ላይ ላዩን በወዘች፣ ታችኞቹን ሁለት በአውራ ጣቷ ይዛ አላንቀሳቀሰችም። ሠላሳ ጥንድ ከተጠራ በኋላ ሁለቱ ቀሩ፤ የእንፋሎቱ ማሽን ደረሳቸው።

ካርታ የሚወደው የፋብሪካው መካኒክ ግን አውራ ጣቷን ሲያይ ነበርና፣ የታችኞቹ አልተበወዙም ብሎ በሰው ፊት ተናገረ። ግማሹ በመካኒኩ ሳቀበት፤ ማን ነው አጭበርብሮ ቧንቧ ስር የሚገባው? አለቃው ወደ አክስቴ ዞረ።

«በውዘሻል?»

«በውዣለሁ» አለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

«አንቺ ካልሽ በቃ» አለና ሁሉንም ወደ ሥራው ሸኘ። መካኒኩ በውሸታምነት ተፈረጀ። ዓመቱን ሙሉ ምሳ ላይ እየተቀለደበት፣ ተጠምዶ ነው የከረመው። አክስቴ አጠገቡ እያለፈች አንገቷን ትደፋ ነበር። እኔ ይህን ስትነግረኝ በእውነት አዘንኩባት። ለጓደኛዋ ያደረገችው ከአንጀቷ ነው፣ እሱስ ምን በደለ?

ሴትዮዋ በሰባተኛው ወር ጡረታዋን አስከብራ፣ ተመርቃ ወጣች። የሚቀጥለው ብወዛ ሲደርስ አለቃው እንደ ወትሮው አክስቴን ጠራ። አክስቴ ከሰልፉ አልወጣችም።

«ዘንድሮ አልበውዝም» አለች። «አምና አልበወዝኩም። መካኒኩ ያለው እውነት ነው።»

ማንም አልሰደባትም፣ እሱ ነው የከበዳት። አለቃው ካርዶቹን ለመካኒኩ ሰጠው። መካኒኩ በወዘና ጠራ፤ አክስቴ ከአንዲት አዲስ ልጅ ጋር አሥራ ዘጠነኛው ማሽን ደረሳትና ሄዳ ሥራዋን ጀመረች። ከዚያ በኋላ እዚያ አራት ዓመት ሠርታለች። በሻይ ሰዓት ካርታ ሲጫወቱ እንኳ የመበወዙ ተራ እሷ ጋ ሲደርስ እሷን አልፈው ካርታውን ለቀጣዩ ያቀብሉ ነበር። እሷም አምጡ ብላ አታውቅም።

ወሬው ጡረተኛዋ ጋ ለመድረስ ሦስት ቀን አልፈጀበትም። ግድግዳ እየዳበሰች የአክስቴ ቤት መጣች። እኔ ነበርኩ በሩን የከፈትኩላት። ሳትቀመጥ ማልቀስ ጀመረች፤ በእኔ የተነሳ ስምሽ ጠፋ፣ ማን አስገድዶሽ ነው የተናገርሽው እያለች እንደ ልጅ ተቆጣቻት።

«እኔ አንዴ ወጥቻለሁ» አለች። «ዝም ብትዪ ምን ነበረበት?»

አክስቴ ወንበር ሳበችላትና በእጇ ይዛ አስቀመጠቻት።

«ዝም ብዬማ ዓመት ሞላኝ» አለቻት። «ከዚያ በላይ አልቻልኩም።»