የባልጩት መምቻ

ልጅ እያለሁ በቤታችን መስኮት ደፍ ላይ አንድ የውሃ ጣሳ፣ ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀትና እፍኝ የማይሞላ ጠጠር ይቀመጥ ነበር። ማንም አይነካውም፤ የታላቅ ወንድሜ የዮናስ ነው። ዮናስ ጊታር ይመታል። የፕላስቲኩን መምቻ “ጥርስ የለውም” ብሎ ስለናቀው፣ ጎርፍ ከተማችንን ለሁለት በሚከፍለው የአሸዋ ወንዝ፣ ደቻቱ ላይ ጥሎት ከሚሄደው ድንጋይ ስስ ስሱን እየለቀመ፣ እያራሰ ያሸው ነበር። የረጠበ ድንጋይ ሽታ እስከ ዛሬ ልቤን ድንግጥ ያደርገዋል።

ከሁሉም የሚወደው አንድ ጥቁር ባልጩት ነበር። ብርሃን ላይ ሲይዙት ጠርዙ ጭስ ይመስላል። ሦስት ሳምንት አሽቶታል፤ እሁድ የጎረቤታችን ሠርግ ላይ ሊመታበት ነው።

እኔ ትምህርት ቤት ዘግይቼ የገባሁ፣ ከእኔ ከሚያንሱ ልጆች ጋር ፊደል የምቆጥር፣ አንድ ፊደል ከተጣመመብኝ ደብተሩ እስኪቀደድ የማጠፋ ልጅ ነበርኩ። ቅዳሜ ከሰዓት መምቻውን አንስቼ ሳየው ጫፉ ላይ የጎረበጠ ነገር አገኘሁ። ክር ይበላበታል ብዬ ትንሽ አሸሁት። ትንሽ ደግሞ። ቀጭ አለና ሁለት ሆነ።

ስባሪውን ቀሚሴ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት። ዮናስ ሲጠይቀኝ አፌ ያመጣልኝን ተናገርኩ፤ ደቻቱን ስሻገር ወደቀብኝ።

“የቱ ጋ?”

“ከድልድዩ በታች፣ አሸዋው ላይ።”

ሳይቆጣኝ ሄደ።

ከራሳችን በላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። አባቴ ግን “ደቻቱን ሰማይ አትጠይቁ፣ ተራራውን ጠይቁ” ይለን ነበር፤ እኛ ጋ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፉ ከላይ ይመጣልና። ዞሬ ወደ ደንገጎ ተራራ አየሁ። በደመና ከሰል መስሏል።

ሮጥኩ። ስደርስ ዮናስ አጎንብሶ አሸዋውን በጣቶቹ ያበጥራል። ከወንዙ ዳር ሱቅ ያላት፣ ሁላችን ኢዶ፣ አክስቴ፣ የምንላት ሶማሌ ጎረቤታችን ሀሊማ ከደጇ ትጮኻለች።

“ዋርያ ዮናስ! ውጣ፣ ተራራው ጠቁሯል!”

“አንድ ደቂቃ፣ ኢዶ!”

“አቦ፣ ደቂቃህን ውሃ ይውሰደው! አንተን ነው የምፈልገው!”

ቀና እንኳ አላለም። የሌለ ነገር እየፈለገ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ብናገር ሁለተኛ አያናግረኝም።

“ዮናስ! እዚያ የለም! ሰብሬው ነው! ዋሽቼ ነው!”

ድልድዩ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ሰማኝ። ቋጠሮዬን ፈትቼ ስባሪውን ወደ ላይ አነሳሁት። ዮናስ አየኝ፤ ተራራውንም አየ፤ ከዚያ ሮጠ። ኢዶ ሀሊማ ክንዱን ይዛ ወደ ዳር ስትጎትተው ከላይ ጉምጉምታ መጣ፤ አፈር የመሰለው ውሃ ግንድ እያንከባለለ፣ እሱ ያጎነበሰበትን አሸዋ ዋጠው።

ዮናስ ትንፋሹን ሲሰበስብ ስባሪውን ከእጄ ወሰደ። በኋላ “ታዲያ ቅድም አትይም?” አለኝ። ሠርጉ ላይ በትልቁ ስባሪ መታ።

ዛሬ መምቻ በየቀለሙ ሱቅ ይሸጣል። ዮናስ ፀጉሩ ሸብቶ መልካ ጀብዱ ይኖራል፤ አሁንም ድንጋይ ያሻል፤ አሁንም ሊለቅም ደቻቱ ይወርዳል። ደንገጎ በጠቆረ ቁጥር እደውልለታለሁ።

“የት ነህ?”

“ቤት ነኝ። ዛሬ ደግሞ ምን ሰበርሽ?”

ያኔ እሱ ጋ ለመድረስ መሮጥ ነበረብኝ፤ አሁን ጣት ማንቀሳቀስ ይበቃል። ስልኩ ጠርቶ እስኪያነሳው ያለችው ጊዜ ግን፣ ያን ቀን ከቤታችን እስከ ደቻቱ የሮጥኩትን ያህል ትረዝምብኛለች።