አጎቴና የቀይ ቀበሮ ኩስ

አጎቴ የዱር አራዊት ተመራማሪና መምህር ነበሩ። ጉና ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ ሲቆጥሩ ነው የሸበቱት። የቀበሮ ኩስ ካገኙ በወረቀት ይጠቀልሉታል፤ አውሬው የበላው ነገር ጠጉሩ ከኩሱ ውስጥ ይገኛላ! እኔ ደግሞ «ኩስ ለቃሚው» እያልኩ እስቅባቸው ነበር።

አምና ጠቦቴ ተበላ። ቀበሮ ነው ብዬ ስጋ ላይ መርዝ ነስንሼ ልወጣ ስል አጎቴ በር ላይ ቆሙብኝ።

«ዘወር ይበሉ ጋሼ!»

«ሳትፈትሽ አትፍረድ። ከኩሱ ውስጥ የበግ ጠጉር አሳየኝና መርዙን እኔው ራሴ አስቀምጥልሃለሁ።»

«እርስዎ ምን ቸገረዎት፣ በግ የለዎት!»

አልተቆጡም። ከበረቴ አጠገብ ያገኙትን ኩስ በእንጨት ፈረካክሰው አሳዩኝ። የአይጥ ጠጉርና ጥርስ ብቻ ነው። ስጋውን ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት።

አሁን አጎቴ አርፈው አርባቸው እንኳ ሳይወጣ የጎረቤቴ ጠቦት ተበላና መርዝ ይዞ መጣ።

«እንግዲህ ማን ይከለክለናል? ና ውጣ!»

«መጀመሪያ ይፈተሽ» አልኩት።

«ኧረ ባክህ፣ አንተ ደግሞ ተመራማሪ ሆንክ? እንካ ፈትሽ!» ብሎ ከበረቱ ያመጣውን አንድ ኩስ እግሬ ስር ወረወረልኝ።

ፈረካከስኩት። ጠጉር አለው። የአይጥ ይሁን የበግ ግን እኔ በምን አውቄ! የስንቱን ተማሪ ዓይን የገለጡ ሰው እቤቴ ሲመላለሱ፣ አንድም ቀን «እንዴት ነው የሚለየው?» ብዬ አልጠየቅኋቸውም።

«የአይጥ ነው» አልኩት፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ።

እየተሳደበ መርዙን ይዞ ተመለሰ። አጎቴ ቢኖሩ ቀበሮዎቹን አተረፍክ ብለው አያመሰግኑኝም ነበር፤ ያላወቅኸውን ለምን ተናገርክ ብለው ይቆጡኝ ነበር። አሁን የሚቆጣኝም የለም።