የእማዬ ማበጠሪያ

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ያለው ፀጉር ቤት ተራዬን ስጠብቅ፣ አጠገቤ አንዷ ኩቴክስ ስትቀባ ሽታው አፍንጫዬን መታው። በአንዴ የስምንት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

አባዬ ፓልምስ ሰፈር ባለው አፓርታማችን ኪችን ውስጥ የውሸት ዝንብ ይሠራል። ዓሣው እውነተኛ መስሎት እንዲውጠው መንጠቆው ላይ ላባ ያስርና፣ ቋጠሮውን እማዬ ጥላው በሄደችው ኩቴክስ ያጣብቀዋል። እማዬ ቶራንስ ከተማ፣ ጀልባ ያለው ሰውዬ ጋ ከገባች ወር አልሞላትም። የዚያን ቀን ግን አባዬ ላባ አልያዘም፤ ከማበጠሪያዋ ላይ ፀጉሯን ይለቅማል። መተት ይሠሩብኛል ብላ አንዲት ዘለላ የትም የማትጥል ሴት፣ ማበጠሪያዋን ረስታው ሄዳለች።

"አባዬ፣ በፀጉር ዓሣ ይያዛል?"

"ሰው ይዛበት የለ? ዓሣ ያቅተዋል?" ብሎ ሳቀ። ባይገባኝም እንደ ሞኝ አብሬው ሳቅኩ።

መኪናውን ፓርክ አድርገን ኤልኤ ወንዝ፣ ኮንክሪቱ ዳር ቆምን። ጀልባ አላስፈለገውም። ከብዙ ውርወራ በኋላ ካርፕ የሚሉት አንድ ትልቅ ዓሣ ዋጠው። አባዬ ጎትቶ አወጣውና፣ ኮንክሪቱ ላይ ሲንፈራገጥ ስልኩን ሰጠኝ።

"ለእናትሽ ደውዪላት። በፀጉርሽ ዓሣ ያዝን በያት።"

እየዘለልኩ ነገርኳት። "የኔ ቆንጆ፣ እባክሽ ፀጉሬን አውጪና አቃጥዪልኝ" አለችኝ።

አባዬ ሰምቷል። ክሩን በጠሰና ዓሣውን ከነመንጠቆው ወደ ውሃው መለሰው።

"ኦኬ፣ ነይና ፈልጊው በያት።"

ፀጉር ቤቱ ውስጥ ፀጉሬን ተቆርጬ ስጨርስ የቆረጠችኝ ልጅ መጥረጊያ አነሳች።

"ተዪው" አልኳት። ተንበርክኬ አንድም ሳላስቀር ለቀምኩና በፌስታል ይዤው ወጣሁ።