ዲ ላይ የነበረው ድምፅ

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ሳላገኝ በቆየሁባቸው ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ የምውለው መገናኛ አንድ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። ከአንዲት የክፍል ጓደኛዬ ጋር ሆነን ቫይረስ ያስመረራቸው ሰዎች ኮምፒውተር ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ቫይረስ እምብዛም የማይደፍረውን ሊኑክስ እንጭናለን። ከሰው ጋር የምታወራው እሷ ናት። እኔ አንገቴን ደፍቼ እጭናለሁ። የሰው ዓይን እያዩ መናገር ያስጨንቀኝ ስለነበር ይህ የሥራ ክፍፍል ተስማምቶኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጓደኛዬ ታመመችና ብቻዬን ዋልኩ። ዕድሜያቸው ሃምሳ የሚሆን የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ከካራ ድረስ ሲፒዩአቸውን በአንሶላ ጠቅልለው ታቅፈው መጡ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ሊሞትብኝ ነው» አሉኝ። «ፍላሽ በሰካሁ ቁጥር አዲስ በሽታ ይዞ ይመጣል። ውስጡ ያባቴ ድምፅ አለ። ቫይረሱ ሳይበላብኝ አድኚልኝ።»

አባታቸው ከመሞታቸው በፊት የዘር ሐረጋቸውን፣ ማን ማንን እንደወለደ፣ ከየት ተነስተው የት እንደሰፈሩ በደቡብ ባለው ያገራቸው ቋንቋ ሲተርኩ እኚሁ ልጃቸው በካሴት ቀድተዋቸዋል። ካሴቶቹን ወደ ኮምፒውተር ካስገለበጡ በኋላ ለቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ሰጧቸው፤ መዘምራኑም መዝሙር ቀዱባቸው። አሁን ትረካው ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። አባታቸው ሲሞቱ ሕፃናት የነበሩ ታናናሾች አሏቸው። አገር ቤት ሲሄዱ ሊያሰሟቸው ነው ሐሳባቸው።

«ቅጂ አለዎት?» አልኳቸው።

«አለ እንጂ! ሁሉም ተቀምጧል። አትጨነቂ፣ አጥፊው።»

«የት ነው ያለው?» ማለት ነበረብኝ። ጓደኛዬ ብትሆን «የታለ? ያሳዩኝ» ትላቸው ነበር። እኔ ትልቅ ሰው ያላመንኩ እንዳይመስልብኝ አፈርኩ። ሙሉውን ዲስክ አጥፍቶ የሚጭነውን ምርጫ ነካሁ።

ከዚያ ሥራዬን አሳምሬ ሠራሁ። ኢንተርኔቱ እየተንፏቀቀም ቢሆን እስከ ከሰዓት ድረስ ማሻሻያውን ሁሉ አወረድኩ፣ ጫንኩ። ዘፈን የሚያጫውተውን ፕሮግራም አስተካከልኩ። ሰውየው አሥር ሰዓት ላይ ሲመለሱ ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ይበር ነበር።

ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። «ተባረኪ! በይ እስቲ ያባቴን ድምፅ አሰሚኝ። ዲን ክፈቺ።»

የፋይሎቹን ዝርዝር ከፈትኩ፤ ዲ የሚባል አልነበረም።

በከተማችን ኮምፒውተር የሚጠግኑ ሁሉ ለደንበኛ የሚሰጡት ምክር አንድ ነው፦ ዕቃችሁን ዲ ላይ አስቀምጡ፤ ኮምፒውተሩ ተጠርጎ ፎርማት ሲደረግ የሚጠፋው ሲ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው ዲ የሚባለው ለብቻው ያለ ሣጥን ይመስለዋል። ሲና ዲ ለሁለት የተከፈለ አንድ ዲስክ መሆናቸውን የሚነግረው የለም። ይህን ልማድ አሳምሬ አውቃለሁ፤ የመመረቂያ ጽሑፌን ያስቀመጥኩት እኔም ዲ ላይ ነበር።

«ቅጂ አለ ብለውኝ ነበር» አልኩ።

«አዎ፣ ዲ ላይ።»

እውነቱን መናገር አቃተኝ። «ለጊዜው አይታይም። ቤት ወስጄ ልየው» አልኳቸው። ሲፒዩውን ራሳቸው መልሰው ጠቅልለው እስከ ታክሲው ድረስ ተሸከሙልኝ። ጭኔ ላይ አድርጌ ስቀመጥ ወያላው፣ «እናቱ፣ ሕፃኑን ሸፈን አድርጊው እንጂ፣ ብርድ ነው!» አለ። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ መስኮቱን አየሁ።

ቤታችን ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በሚያወጣው ዳገት፣ ባሕር ዛፉ ሥር ነው። መብራት በፈረቃ የሆነበት ጊዜ ነበር። የጠፋ ፋይል የሚፈልገው ፕሮግራም ዲስኩን አስሶ ለመጨረስ አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። የእኛ ተራ ሲደርስ ደግሞ ነፋስ ሲነሳ መስመሩ ይበጠሳል። መብራት በሄደ ቁጥር ፍለጋው ከዜሮ ይጀምራል።

ለጓደኛዬ ደወልኩላት።

«ከጫንሽ በኋላ ብዙ ነገር ጻፍሽበት?»

«ማሻሻያውን ሁሉ።»

አዲስ የሚጻፍ ነገር የሚያርፈው ባዶ ነው በተባለው ቦታ፣ ማለትም በአሮጌው ፋይል ላይ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። «ምን አለ አንድ ቀን እንኳ ሰነፍ ብትሆኚ!» አለችኝ።

ሰውየው በየቀኑ ይደውላሉ። «በሽተኛችን እንዴት ዋለ?»

«እየታየ ነው።»

«እኛም ቤት እየጸለይንለት ነው። አይዞሽ።»

አይዞሽ ባሉኝ ቁጥር ስልኩን ይዤ አልጋዬ ላይ እቀመጣለሁ። አንድ ጠዋት ኪዳነ ምሕረት ድረስ ወጥቼ አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ። ያጠፋሁትን ፋይል መልሺልኝ ተብሎ እንዴት እንደሚለመን አላወቅኩም። ሳልጸልይ ወረድኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ፍለጋው አንዴ ሳይቋረጥ አለቀ። ስማቸው ቁጥር ብቻ የሆነ ብዙ ፋይሎች ወጡ። አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ግማሽ መዝሙር፣ የተቆረጠ ስብከት፣ የሰዎቹ ፊት ግራጫ የሆነባቸው የሠርግ ፎቶዎች። ከሁሉም መካከል የሽማግሌ ድምፅ ያለው አንድ ብቻ ነበር፤ ርዝመቱ አንድ ደቂቃ አይሞላም።

ሲፒዩውን ይዤ ካራ ሄድኩ። ሳሎናቸው ውስጥ ገጣጥሜ ከጨረስኩ በኋላ ጫማዬን እያየሁ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዲ ሌላ ዕቃ እንዳልነበረ፣ ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ማሻሻያው የተረፈውን እንደጨረሰው፣ ስልክ ላይ እንደዋሸኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«የተገኘውን አሰሚኝ» አሉ።

ፋይሉን ስከፍተው ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዶሮ ጮኸ። በማላውቀው ቋንቋ ጥቂት ቃላት ተናገሩ። ሌላ፣ ጎልማሳ ድምፅ ባጭሩ መለሰላቸው። ከዚያ ድምፁ ተቆራርጦ ቆመ።

«ምን እያሉ ነው?» አልኩ፣ መጠየቅ እንደማይገባኝ እያወቅኩ።

«‹ከየት ልጀምር?› እያለኝ ነው» አሉ። «እኔ ደግሞ ‹ከፈለግህበት ጀምር፣ ጊዜ አለን› አልኩት።»

«እንደገና አድርጊው» አሉኝ። አደረግኩት። ሦስተኛ ጊዜ ሲሉኝ ማውዙን ወደ እጃቸው አስጠግቼ የቱን እንደሚጫኑ አሳየኋቸውና ወደ ግቢው ወጣሁ።