ለጋሽ ዱካሞ የገዛሁት ቺንጊያ

ማለዳ፣ አዲስ አበባ

ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ተራ ደረስኩ። ከመርካቶ የገዛሁትን የስፌት መኪና ቺንጊያ በጋዜጣ ጠቅልዬ ይዣለሁ። አዋሳ አስተማሪ ሳለሁ ቤት ያከራዩኝ ልብስ ሰፊው ጋሽ ዱካሞ የእሳቸው ላልቶ እንዳስቸገራቸው በሰው ልከውብኝ ነበር።

ረፋድ፣ ዝዋይ

ኬላው ላይ ወርደን የይለፍ ወረቀት አሳየን። አቤት የወረቀት ብዛት! ከዚያ የተጠበሰ ዓሣ በዳጣ። ሹፌሩ ቺንጊያውን አይቶ የማን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

«ፈቃድ አላቸው?» አለና ሳቀ።

ምን ቤት ነው ይኼ ሰውዬ አልኩ በሆዴ።

ከሰዓት፣ አዋሳ

ከባህል አዳራሹ ወረድ ብላ ያለችው ሱቃቸው በሯ ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተለጥፏል። ጋሽ ዱካሞ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሟል፤ አጠገባቸው እስክደርስ አልለዩኝም።

ፈቃድ ሊያሳድሱ ቀበሌ ሲሄዱ ከማዘጋጃ ቤት ወረቀት አምጣ ይሏቸዋል፤ ማዘጋጃ ቤት ሲሄዱ ከቀበሌ አምጣ። ረዳት የላቸውም፤ በሄዱ ቁጥር ሱቁን ይዘጋሉ። ተቆጣጣሪው በመጣ ጊዜ ሁሉ ዝግ ሆኖ አገኘውና «ሥራ ያቆመ» ብሎ አሸገው። ይከፈትልኝ ብለው ሲያመለክቱ ደግሞ የታደሰ ፈቃድ ይዘህ ና ተባሉ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባል ነበር። ንጉሡ ወረደ፤ ለጋሽ ዱካሞ ምን ተለወጠ?

የስፌት መኪናውም የሰው ልብስም ውስጥ ነው። አንድ ጎልማሳ መጥቶ በበሩ ስንጥቅ አጮለቀ። ሠርጉ እሑድ ነው።

«ጋሼ፣ እጅጌው ብቻ ነው የቀረው ብለውኝ አልነበር?» አላቸው ቀስ ብሎ።

መሬት መሬት አዩ። በሕይወታቸው ቀጠሮ አፍርሰው አያውቁም።

በማግስቱ

ማልደው ሸኙኝ። ጢማቸውን ተላጭተው ኮት ለብሰዋል፤ ከእኔ በኋላ ማዘጋጃ ቤት ሊሰለፉ ነው። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ትናንት የሰጠኋቸውን ያንኑ የጋዜጣ ጥቅል በመስኮት አቀበሉኝ።

«ለሚሠራ ሰው ስጥልኝ።»

«ይከፈትልዎታል፣ ጋሼ።»

«ይከፈት ይሆናል፣ ልጄ። ዓይኔ ግን እስከዚያ ይጠብቀኛል?»

ሻሸመኔ እስክንደርስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ። ቺንጊያውን ለማንም አልሰጠሁትም፤ እቤቴ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።